ሁለት አልጋ

ሰውየውን በመሥሪያ ቤቱም ሆነ በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም "ስምሪት" ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ስምሪት ኃላፊ ሆኖ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚነዳው፣ መቼ ተነሥቶ መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው እሱ ነው። ቢሮው ከመናኸሪያው ግቢ በላይ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ መስኮቱ በናፍጣ ጭስ የደበዘዘ ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ የሚጠላው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ቆሞ የዋለ መኪና። የቆመ አውቶቡስ ሲያይ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱ ይጨማደዳል። ሾፌሮቹ "ስምሪት የሞተ ቀን ሬሳው እንኳ በሰዓቱ ነው የሚነሳው" እያሉ ያሙታል። ይህን ሰምቷል፤ እንደ ሙገሳ ነው የወሰደው።

ይህን ሁሉ ሾፌርና መኪና የሚያዝዝ ሰው ቤቱ ሲገባ ግን የገዛ መኝታ ቤቱን በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው።

ነገሩ የጀመረው ከሚስቱ ወገብ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ መስኮት ሥር ባለው ማሽኗ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ አጎንብሳ አጎንብሳ በመጨረሻ ወገቧ አልታዘዝ አላት፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና አልጋ ያዘች። ሐኪሙ እንቅልፍ ላይ ምንም ነገር እንዳያንገጫግጫት አስጠነቀቀ። ስምሪት ደግሞ እንቅልፍ ላይ የሚታመን ሰው አይደለም። ይንፈራገጣል፣ ብርድ ልብስ ይጎትታል፣ አንዳንዴም በሕልሙ "ተነሣ፣ መንገድ ዘጋህ" እያለ ሾፌር ያባርራል። ስለዚህ ትራሱን አቀፈና አግብታ ወደ ሄደችው ልጃቸው ክፍል ተሻገረ። "ለጊዜው ነው" አላት። እሷም "ለጊዜው ነው" አለች።

ለጊዜው የሚባለው ነገር ግን ክፉ ልማድ አለው። መጀመሪያ ትራሱ ሄደ፤ የማንቂያ ሰዓቱ ተከተለው፤ ከዚያ ሸሚዞቹ፣ ከዚያ ጫማዎቹ፣ በመጨረሻም የንባብ መነጽሩ። ተኝታ እንደሆን ብሎ በሩን በጣቱ ጫፍ ማንኳኳት የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። እሷ ዳነች፣ ከአልጋ ተነሣች፣ ወደ ማሽኗም ተመለሰች። ትራሱ ግን አልተመለሰም። ስምሪት "ና ተመለስ" እስክትለው ጠበቀ። አላለችም። ሰፊውን አልጋ ለብቻዋ ይዛ፣ እጅና እግሯን ዘርግታ መተኛቱን ወዳዋለች ማለት ነው ብሎ ደመደመ። አፉን ሞልቶ ሊጠይቃት ግን አልቻለም። ሚስቱ ናፍቃዋለች። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ በአንድ ገበታ እየበሉ ናፍቃዋለች፤ ይህ ደግሞ ለማንም የሚነገር አልሆነለትም።

ሐኪሙ ለወገቧ ያዘዘላት ዋና ነበር። "ከእንግዲህ መድኃኒትሽ ዋና ነው" ሲላት ስምሪት አጠገቧ ተቀምጦ፣ ዋና መሆኑንስ አምነናል፣ ስሙ ማን ይባላል ብሎ ጠይቆ ሐኪሙን በሳቅ ገድሎታል። እሷም፣ ከመታጠቢያ ገንዳ የጠለቀ ውሃ ገብታ የማታውቅ ሴት፣ መዋኛው ቤት መመላለስ ጀመረች። መጀመሪያ የገንዳውን ዳር ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ ቀጥሎ ለቅቃ፤ በኋላ ደግሞ የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ከሥር ከሥር ከሚርመሰመሱት ሠልጣኞች ጋር ተቀላቀለች። ውሃ ውስጥ ወገቤ የኔ አይመስለኝም ትላለች። ዕድሜዋን በመርፌ ቀዳዳ ስታጮልቅ የኖረች ሴት፣ ከውሃው ሥር ብቅ ስትል ዓይኗ የልጅ ዓይን ሆኖ ይበራል። አሠልጣኙ ተማሪዎቹን እውነተኛ ባሕር ውስጥ ለማስገባት ወደ አንዲት ሞቃት ደሴት ጉዞ ሲያስብ፣ እጇን መጀመሪያ ያወጣችው እሷ ነበረች። እዚያ ድረስ መድረስና ማደሪያ መፈለግ ግን የየራሳችሁ ጉዳይ ነው ተባሉ።

የዚያኑ ቀን ለስምሪት ነገረችው። መጓጓዣውንም ማደሪያውንም አንተ ያዝልን፤ አንተ ካልመጣህ ግን እኔም አልሄድም አለችው። ስምሪት ዋና አይችልም። ባሕር የሚያውቀው በካርታ ላይ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ቦታ ሆኖ ነው። "አንተ ካልመጣህ" ያለችውን ሻንጣ የሚሸከምላት ሰው ትፈልጋለች ብሎ ተረጎመው። አንዳንድ ሰው ደግ ወሬ በሩ ድረስ ሲመጣለት ቤት ተሳስተሃል ብሎ ይመልሰዋል።

የሚስቱ ታላቅ እህትም እሄዳለሁ አሉ። እሷ እቴቴ ትላቸዋለች፤ እሱም ከእሷ ወስዶ እንደዚያው ይላቸዋል። ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው ከእነሱ ቤት ጥግ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚገኙት በእነሱ ሳሎን የሆነ ሴት ናቸው። መጥለቅ የሚባል ነገር በዞረበት አይዞሩም። የሳቸው ዕቅድ እግራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ሰው መታዘብ ብቻ ነው።

ስምሪት ስንት አልጋ ልያዝ ብሎ ሲጠይቃት ሚስቱ ማሽኗ ላይ ነበረች። እስፒሎች በከንፈሯ ነክሳለች።

"ሦስት ነን፤ ሁለት አልጋ ይበቃናል" አለች በእስፒሎቹ መሃል።

እንግዲህ ማደሪያ ሲያዝ ሁለት አልጋ ማለት ሁለት ክፍል ማለት ነው፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ችግሩ ሦስት ሰው ለሁለት ክፍል ሲደለደል አንዱ ብቻውን ማደሩ ነው። ማን ይሆን ብቻውን የሚያድረው? ስምሪት ወደ ቢሮው እየሄደ አወጣ አወረደ። ወይ እህትማማቾቹ አንድ ላይ ይሆኑና እሱ ብቻውን ያድራል፤ ወይ እቴቴ ብቻቸውን ይሆኑና እሱና ሚስቱ አንድ ላይ ያድራሉ። ይህን ሁለተኛውን ሲያስብ ፊቱን ሞቀው፤ ቶሎ ብሎም ገፋው። ስንት ጊዜ በየክፍላችን ስናድር ኖረን፣ ደሴት ረገጥኩ ብዬ ዘልዬ አልጋዋ ላይ ብወጣ ምን ትለኛለች አለ። መጠየቅ ይችል ነበር። ግን ሾፌር በቁጣ ሲጮህበት ቅንድቡን የማያነቃንቀው ሰው፣ ይህች አጭር ጥያቄ ጉሮሮው ላይ ስትደርስ ትቆምበታለች። የቆመ ነገር የማይወደው ስምሪት ያችን ጥያቄ አቁሞ ውሎ አቁሞ አደረ።

መጓጓዣው ላይ ግን ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ሆነለት። የአንድ አሮጌ የጉዞ መርሐ ግብር ጀርባ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈና በቀይ እርሳስ መንገዱን አሰመረበት። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በራሱ መሥሪያ ቤት አውቶቡስ፤ ሾፌሩንም እየነዳ የማያወራውን መረጠ። ከዚያ ትልቁ አውሮፕላን፣ ከዚያ ትንሹ፣ ከዚያ ሞተር ጀልባ። የሚስቱ የመጥለቂያ ልብስና መነጽር ትንሹ አውሮፕላን ላይ ከሚፈቀደው ጭነት እንዳይበልጥ ሻንጣውን ሚዛን ላይ አውጥቶ አውርዶ፣ የራሱን ሁለተኛ ጫማ አስቀረ። አንዱ ሲደርስ ሌላው ይነሳል። መሃል ላይ ሻይ ለመጠጣት የሚሆን ጊዜ አለ፤ ለመድገም ግን የለም።

ቀጥሎ ወደ ማደሪያው ደወለ። ማደሪያውን የሚያከራዩት ሴት እዚያው የቀሩ የአገሩ ሰው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ለተጠየቁት ሁሉ "ችግር የለም" የሚሉ ናቸው። ከኋላቸው የማዕበል ድምፅ ይሰማል፤ አልፎ አልፎም ዶሮ ይጮሃል። አጎበር አለ ወይ? ችግር የለም። ውሃ አይጠፋም ወይ? ችግር የለም። የጠላቂዎቹ ጀልባ ከደጃችሁ ነው የሚነሳው? ችግር የለም። ስምሪት ችግር የለም የሚል ሰው አያምንም፤ መኪናቸው መንገድ ላይ የሚበላሽባቸው ሾፌሮች ሁሉ እንደዚያ ብለው ነው የሚወጡት። ከትንሹ አውሮፕላን ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሲጠይቃቸው፣ "ሲሞላ ነዋ" አሉት።

የስምሪት ደም ፈላ። ሲሞላ የሚነሳ ነገር ለእሱ ሥርዓት የሌለው ዓለም ማለት ነው። እሱ ባለበት መናኸሪያ ሰው ኖረም አልኖረ በሰዓቱ እንደሚነሣ፣ ወንበር እስኪሞላ መንገደኛን ፀሐይ ላይ አቁሞ ማስጠበቅ ነውር እንደሆነ፣ ይህ ልማድ መቅረት እንዳለበት ረዘም ያለ ንግግር አደረገላቸው። ሴትየዋ አላቋረጡትም። እስኪጨርስ ጠበቁና፣ "ባሕሩ ሲሞላ ነው ጌታዬ። ውሃው ካልሞላ ጀልባው ከድንጋዩ በላይ አያልፍም" አሉት።

ስምሪት ይቅርታ ጠየቀ፤ ያን ቀን ጆሮው እንደቀላ ዋለ። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል ሁለት መንገድ እንዳለው ይማራል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ስምሪትን አያውቀውም። በዚያው ስልክ ሁለት ክፍል ያዘ፤ አንዱን ለሁለቱ ሴቶች፣ ሌላውን ለራሱ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሁለቱንም ግድግዳው ፊት አቆማቸውና በእርሳሱ ጫፍ እየጠቆመ መንገዱን አስረዳ። የቀዩ መስመር መጨረሻ ላይ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ስሏል። በአንዱ ውስጥ "እህትማማቾች" ይላል፤ በሌላው ውስጥ "እኔ" ይላል። ሚስቱ ሳጥኖቹን አየቻቸው።

"እኔና እቴቴ አንድ ክፍል ነን?" አለች።

"ሁለት አልጋ አይደል ያልሽኝ?"

"ብያለሁ" አለችና ወደ ማሽኗ ሄደች።

የስፌት ማሽን ጨርቅ ሲነክስና ባዶውን ሲሄድ ድምፁ ይለያያል፤ ስምሪት በትዳር ዘመኑ ሁለቱንም ለይቶ ያውቃል። ያን ከሰዓት ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ሄደ። ዘይት እያጠጣችው ነው ብሎ አለፈው።

እቴቴ ከግድግዳው አልተነሡም። በመነጽራቸው አናት ላይ አሻግረው ሲያዩት ቆዩና፣ እኔ እንደማላንኮራፋ ማን ነገረህ አሉት። የባሕሩ ድምፅ ይሸፍነዋል ብሎ አጽናናቸው። "ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ሦስትን ለሁለት ሲያካፍል እንደዚህ የሳተ ተማሪ አልገጠመኝም" አሉና ወጡ። ስምሪት የብቻ ክፍል ስላጡ ቅር ብሏቸው ነው ብሎ አሰበ።

ቀጣዩ የልምምድ ቀን ላይ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ከሚስቱ ጋር መዋኛው ቤት ሄደ። አሠልጣኙ ቢያየው ጥሩ ነው አለ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሊሞገስ ነው የሄደው። መዋኛው ቤት የክሎሪን ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ወለሉ ያዳልጣል። ስምሪት ጫማው ላይ የፌስታል ሽፋን አጥልቆ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ እስከ አሠልጣኙ ወንበር ደረሰ። ሚስቱ ታች ነበረች፤ ከገንዳው ሥር የምትተነፍሰው አየር አረፋ እየሆነ ሲወጣ ይታያል። አሠልጣኙ፣ ጸጉሩ ውሃ የሚያንጠባጥብ ወጣት፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በቀዩ መስመር ጣቱን እየሳበ ሄደ። አሞገሰው። እንዲህ ያለ ዕቅድ አላየሁም አለው። የመመለሻው ቀን ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

በዚያ ቀን ሚስትየው ጠዋት ባሕር ትገባለች፤ ልብሷ ሳይደርቅ ጀልባው ይነሳል፤ ጀልባው እንደደረሰ አውሮፕላኑ ይበርራል። የባከነች ደቂቃ የለችም። ስምሪት ከሁሉ በላይ የኮራበት ይህንን ነበር።

አሠልጣኙ ከወንበሩ ሥር የነበረውን የለስላሳ ጠርሙስ አነሣ፣ ናጠው፣ ክዳኑን በአንድ ጊዜ ፈነቀለው። አረፋው ገንፍሎ በወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳው። ከውሃ ሥር የሚተነፈሰው አየር በውሃው ክብደት እየታመቀ ሥጋና ደም ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣም በቀስታ ነው መውጣት ያለበት። ሰው ከባሕር ወጥቶ ወዲያው ሰማይ ላይ ከወጣ ደሙ ውስጥ እንደዚህ ይገነፍላል። መገጣጠሚያን ይይዛል፤ ሲብስ አከርካሪን ይመታል፤ ሽባ የሆኑ አሉ፤ የሞቱም አሉ። ይህን ትምህርት ለመጨረሻው ሳምንት አቆይቼው ነበር አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀች በኋላ አንድ ቀን መሬት ላይ ቆማ መዋል አለባት፤ እዚያው አድራ ነው የምትበርረው።

ስምሪት ደነገጠ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። አከርካሪ የሚለው ቃል ብቻ ጆሮው ውስጥ ቀረ። ለዚያች ወገብ ሲል ከአልጋው የወጣ ሰው፣ ለዚያች ወገብ ሲል በር የሚያንኳኳ ሰው፣ ያችኑ ወገብ በቀይ እርሳስ አስምሮ ሊሰብራት ነበር። የረጠበውን ወረቀት መጠቅለል አቅቶት በሁለት እጁ እንደ እርጥብ ልብስ አንጠልጥሎ ቆመ። ሚስቱ ከውሃው ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ የከተማው አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጸጉሯ እርጥብ ነው። አሠልጣኙ ሁሉንም ነግሯታል።

"በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር" አላት።

አላወቅክም፣ ምን ታደርግ አለችው። ከዚያ ሳቀች፤ አንድ ቀን ቆሜ ብውል ምን እሆናለሁ፣ ቆሞ መዋልን የምትፈራው አንተ አይደለህ ወይ አለች። አውቶቡሱ ሲታጠፍ እሱን ወደ እሷ ገፋው። ስምሪት እንዳይጫናት የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጦ ራሱን አቆመ።

"ወገቤ እኮ ድኗል" አለች በመስኮቱ እያየች።

"አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለና ብረቱን እንደጨበጠ ቤታቸው ድረስ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መንገዱን እንደ አዲስ ማስላት ያዘ። ለባልና ሚስቱ አንድ ሌሊት ተጨመረ። እቴቴ ግን አይቆዩም፤ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላቸው፣ ባሕር ስለማይገቡም የሚያስቆማቸው ነገር የለም፤ በቀድሞው ትኬታቸው ይመለሳሉ። አውሮፕላኖቹን አዛወረ። ጀልባውን ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ጠይቆ አስተካከለ። የቀረው ማደሪያው ነበር። ስልኩ መስመር የሚይዘው ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ እዚያ ቆሞ ለባለ ማደሪያዋ ደወለና ሁለት ሰው አንድ ሌሊት እንደሚጨምር ነገራቸው። ችግር የለም አሉ።

"ስንት አልጋ ልያዝላችሁ?"

ሦስት ሰው ሲሆን ሁለት አልጋ ማለት ቀላል ነበር፤ እቴቴ መሃል ገብተው ይሸፍኑለታል። አሁን እቴቴ የሉም። ሁለት ሰው ናቸው፤ አንድ ይባላል ወይ ሁለት ይባላል፤ የሚደበቁበት ሌላ ቁጥር የለም። ሁለት ቢል የቤቱን ነገር ባሕር ማዶ ማውራት ነው። አንድ ቢል ደግሞ ማን ፈቅዶለት? ማዕበሉ በስልኩ ውስጥ ሲመላለስ ይሰማዋል። ሴትየዋ ይሰማል ወይ አሉ። አንዴ ይጠብቁኝ አለና ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ። አንኳኳ።

ግባ አለችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ስምሪት ኮቱን ሊወስድ፣ ካልሲ ሊፈልግ በየቀኑ እዚህ ክፍል ይገባል፤ አልጋውን ግን አይቶት አያውቅም፤ ዓይኑን ሰብሮ ነው የሚወጣው። ዛሬ አየው። ትራሷ መሃል ላይ አይደለም። በድሮው ቦታዋ፣ በመስኮቱ በኩል ነው። ፍራሹ በእሷ በኩል ጎድጎድ ብሏል። በእሱ በኩል ያለው ማንም እንዳልተኛበት ልሙጥ ነው፤ ትራስ የሚሆንበት ቦታም ባዶውን አለ። እጅና እግሯን ዘርግታ የተኛች ሴት አልጋ እንደዚህ አይሆንም።

"ባለ ማደሪያዋ ናቸው" አለ ስልኩን እያሳያት። "ለመጨረሻዋ ሌሊት ስንት አልጋ ይያዝ ይላሉ።"

ማጠፏን አላቆመችም። "አንተስ ምን አልካቸው?"

"ጠይቄ ልምጣ አልኩ።"

የያዘችውን ፎጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ሁለት አልጋ ያልኩህ እኮ አንዱ ለእቴቴ ነበር።"

ሲሞላ ነዋ ያሉት ሴትዮ ትዝ አሉት፤ ያን ረጅም ንግግሩም።

"እኔ ደግሞ ለብቻሽ መተኛቱ የተስማማሽ መስሎኝ" አለ።

"የሄድከው አንተ ነህ። የምታንኳኳው አንተ ነህ።" ድምጿ ተሰበረ። "እኔ ምን ልበል? ባል በገዛ ቤቱ ግባ ይባላል? ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስል ቦታህን እንኳ አልነካሁትም።"

ሁለቱም ፍራሹን አዩ። በስልኩ ውስጥ ዶሮ ጮኸ፤ ሴትየዋ አሁንም አልዘጉም ነበር። ስምሪት ስልኩን ወደ ጆሮው አመጣ።

"አንድ" አለ።

"አንድ ምን?"

"አንድ አልጋ። ለሁለት ሰው።" ጉሮሮውን ጠረገና ጨመረ፤ የፊተኞቹም ሌሊቶች እንዲስተካከሉ፣ እቴቴ ለብቻቸው እንዲሆኑ ነገራቸው።

"ችግር የለም" አሉት። በዚህ ጊዜ አመናቸው።

ስልኩን ዘጋ። ሸክም ከጫንቃው የወረደለት ሰው ሆነ፤ ወዲያውም ሥራው ትዝ አለውና ሳጥኖቹን ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሚስላቸው፣ ወረቀቱ በለስላሳ ስለተበላሸ በአዲስ እንደሚገለብጠው ማስረዳት ጀመረ። ሚስቱ በፎጣው ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"እስከዚያስ?" አለችው።

"እስከ መቼ?"

"እስክንሄድ ድረስ።"

ስምሪት ለዚህ ዕቅድ አልነበረውም። ወጣ። ኮሪደሩን አቋርጦ ልጃቸው ክፍል ገባ፤ ትራሱን አነሣ፣ በላዩ የማንቂያ ሰዓቱን አስቀመጠ፣ ሁለቱንም አቅፎ ተመለሰ። የሳሎኑ በር ክፍት ነው። እቴቴ መስኮቱ ሥር በጠራራ ፀሐይ ጋዜጣ ሊያነቡ ተቀምጠዋል። በመነጽራቸው አናት ላይ ትራሱን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ፣ እሱን አዩ።

"ጉዞው ዛሬ ነው እንዴ?" አሉት።

አዎ አላቸው፣ ሳይቆም። መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ እጁ ከልማዱ የተነሣ ለማንኳኳት ብድግ ሊል ቃጣው። ሁለቱም እጆቹ ግን ትራሱን ይዘዋል። በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ።